«ሁሉም ጥሩ ነው»

ሻይ ሲቀርብልን የምንጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ስኳር ስንት ይሁን?» ሻዩ ይቅጠን ወይስ ይወፍር፣ ቅርንፉድ ይብዛበት ወይስ ሄል፣ ያ የሚያፈላው ሰው ጉዳይ ነው። ቡናውም እንደዚያው። እንግዳ የቀረበለትን ጠጥቶ «ጥሩ ቡና ነው» ይላል፣ ይመርቃል፣ አለቀ። እኔ ይህን ልማድ አልነቅፍም፤ የአፍላዩን ድካም ማክበር ነው። ግን በየተሰደድንበት አገር ቀኑን ሙሉ «አንተስ የትኛውን ትመርጣለህ?» እንባላለን፤ የብዙዎቻችን መልስ ደግሞ «ማንኛውም ይሁን፣ ችግር የለውም» ነው። ይህን ጥያቄ ቁጭ ብዬ በቅጡ የመለስኩት፣ ይገርማል፣ በኡሎንግ ሻይ ነው።

ኡሎንግ በቻይንኛ «ጥቁር ዘንዶ» ማለት ነው። አረንጓዴው ሻይም፣ ጥቁሩም፣ ኡሎንግም የአንድ ተክል ቅጠል ናቸው፤ እኛ አገር ውሽውሽና ጉማሮ ላይ የሚለቀመውም ያው ተክል ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከተለቀመ በኋላ ነው። ፖም ወይም ሙዝ ቆርጠን ብናስቀምጠው ይጠቁራል አይደል? የሻይ ቅጠልም ሲቆስል አየር ያገኘውና መቅላት ይጀምራል። አረንጓዴ ሻይ ገና ከጅምሩ በእሳት ወይም በእንፋሎት ይገታል፤ ጥቁር ሻይ እስኪበቃው ይተዋል። ኡሎንግ መሐል ላይ ነው። ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ሰፌድ በመሰለ የቀርከሃ ዕቃ ላይ እየተናጠ ጠርዙ እንዲቆስል ይደረጋል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይናጣል። ባለሙያው በአፍንጫው አሽትቶ «በቃ» ሲል በጋለ ብረት ውስጥ ይገባና ለውጡ ይቆማል። ከዚያ ይጠቀለላል፣ ይደርቃል፤ አንዳንዱም በከሰል ፍም ላይ ለሰዓታት ይጠበሳል።

ታዲያ ይህ «መሐል» የሚሉት ነገር በጣም ሰፊ ነው። አንዱ ኡሎንግ ለአረንጓዴ ሻይ ጥቂት ነው የቀረው፤ ሌላው ጥቁር ሻይ ሊሆን ደርሶ የቆመ ነው። በአንድ ስም ሥር ይህን ያህል የተራራቀ ጣዕም ስላለ ምላስን ለመፈተን ይመቻል። ሻጮችም 5 ወይም 10 ግራም የሚሆን ናሙና ይሸጣሉ። አንድ ትልቅ ቆርቆሮ ገዝቶ ባይጥምም እያዘኑ ከመጨረስ፣ በዚያው ገንዘብ ስድስት ዓይነት መቅመስ ይሻላል።

እኔ ያዘዝኳቸው ስድስቱ እነዚህ ነበሩ። ከታይዋን አራት፦ ታይፔ አጠገብ ከምትገኘው ፒንግሊን የሚመጣው ቀላሉ ባኦጆንግ፣ የከፍተኛ ተራራው አሊሻን፣ በእሳት የተጠበሰው ዶንግ ዲንግ፣ እና «የምሥራቅ ቆንጆ» የሚሉት። ከዋናው ቻይና ሁለት፦ ከፉጂያን ግዛት፣ ከዉዪ ተራራ ዓለታማ ሸለቆዎች ዳ ሆንግ ፓኦ፣ ከጓንግዶንግ ደግሞ ዳን ትሶንግ። «የምሥራቅ ቆንጆ» የተባለችው ታሪኳ ደስ ይላል። ቅጠሏን አንዲት ትንሽ አረንጓዴ ነፍሳት ትመጠዋለች፤ ተክሉም ራሱን ለመከላከል የሚያመነጨው ነገር ሲቀነባበር የማር ሽታ ይሆናል። ስለዚህ ገበሬው ፀረ ተባይ አይረጭም፤ ተባዩን የሚጠብቅ ገበሬ ማለት ነው!

አቀማመሱ ላይ ትንሽ ጥብቅ ነበርኩ። ለእያንዳንዱ 3 ግራም ቅጠል፣ 150 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ፣ 5 ደቂቃ። አንዱን አወፍሮ ሌላውን አቅጥኖ ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው። ለዚህ ጉዳይ ዓለም አቀፍ መመዘኛ ሳይቀር አለ፤ አይኤስኦ 3103 ይባላል፤ ለ100 ሚሊ ሊትር 2 ግራም፣ 6 ደቂቃ ይላል። እንግሊዞች በዚህ ጉዳይ ባወጡት ባለ ስድስት ገጽ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1999 የኢግ ኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት፣ ማለትም የቀልዱን ኖቤል፣ ተሸልመዋል። እየተሳቀም ቢሆን ሐሳቡ ልክ ነው፦ ዓላማው ጥሩ ሻይ ማፍላት ሳይሆን እኩል መፈተን ነው። ስኒዎቹ ሥር ቁጥር ለጠፍን፤ የትኛው ቁጥር የትኛው ሻይ እንደሆነ የሚያውቀው ያፈላው ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ አይቀምስም። ዋጋና ስም ከታየ ምላስ ቶሎ ይደለላል።

አምስት ሆነን ነበር የተቀመጥነው፤ ሁላችንም የአገር ልጆች፣ ሁላችንም በልተን። በባዶ ሆድ ስድስት ስኒ ሻይ እጅ ያንቀጠቅጣል። መጀመሪያ በቃል ጠየቅሁ። «ሁሉም ጥሩ ነው» አሉ በአንድ አፍ። በዕድሜ የሚበልጡንን፣ ጋሼ የምንላቸውን ለብቻ ጠየቅኋቸው። «ጋሼ፣ እርስዎስ የትኛውን ወደዱት?» «ኧረ ሁሉም ጥሩ ነው ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ።» ከዚያ ለየሰው ቁራጭ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠሁ፤ ስም አይጻፍም፣ የሚጣፍጠው ይጻፋል፣ የማይጣፍጠውም ይጻፋል።

ወረቀቱ ላይ ይሉኝታ የለም። አንዱ ቁጥር 1ን፣ ባኦጆንግን፣ «የሽቶ ውሃ» ብሎታል። በጋሼ የእጅ ጽሕፈት ደግሞ፣ ማንም አይስተውም፣ «ቁጥር 6 ሳሙና ሳሙና ይላል» የሚል ነበር፤ ያ ብዙ የሚወደሰው ዳን ትሶንግ ነው። የሻጩ ገለጻ «ኦርኪድ፣ ላይቺ» ነበር የሚለው። ከእኛ ውስጥ ኦርኪድ አሽትቶ የሚያውቅ አልነበረም፤ ስለዚህ የየራሳችንን ቃል ነው የተጠቀምነው። ዶንግ ዲንግን «የገብስ ቆሎ»፣ ዳ ሆንግ ፓኦን «አዲስ ምጣድ ሲሟሽ»፣ «የምሥራቅ ቆንጆ»ን ሁለት ሰው ሳይነጋገር «ብርዝ» ብሎታል። እነዚህ ቃላት ከሻጩ ቃላት ያነሱ አይመስሉኝም። እንዲያውም ለሚቀጥለው ግዢ የሚመሩኝ እነሱ ናቸው። አንዳንድ ነገር ግን ከባለቤቶቹ መበደር ያስፈልጋል፦ ሻዩ ከተዋጠ በኋላ ጉሮሮ ላይ የሚመለሰውን ጣፋጭነት ቻይናዎች «ሁዪጋን» ይሉታል።

ለእኔ አንደኛ የወጣው ዶንግ ዲንግ ነው፤ ሁለተኛ ዳ ሆንግ ፓኦ። ሁለቱም እሳት የነካቸው ናቸው። ወዲያው አንድ ጥርጣሬ መጣብኝ፦ ይህ የእኔ ምርጫ ነው ወይስ ያደግሁበት የቡና ቁሌት? የተቆላ ነገር ሸተተኝና እናቴ ቤት ገባሁ ማለት ነው? ይህ ቢሆንም አያሳፍርም። ነገር ግን የሌሎቹን ወረቀት ስመለከት ነገሩ እንዲህ ቀላል አልነበረም። ጅማ፣ ቡና መሐል ያደገችው እህታችን አሊሻንን ነው ያስቀደመችው፤ «ለስላሳ፣ ቅቤ ቅቤ የሚል» ብላ፤ የተጠበሱትን ሁለቱን መጨረሻ ላይ ጥላቸዋለች። አምስት ሰው፣ አራት የተለያየ አንደኛ። «የሐበሻ ምላስ» የምንለው ነገር እዚያ ጠረጴዛ ላይ አልተገኘም። እኔ በበኩሌ ደስ አለኝ፤ «እኛ እንዲህ ነው የምንወደው» እየተባለ ስንት ጊዜ በሌላ ሰው ምርጫ እንደምንበላና እንደምንጠጣ አስቡት።

በሌላ ቀን ለብቻዬ በቻይናዎቹ መንገድ ሞከርኩት፦ ብዙ ቅጠል፣ ትንሽ ዕቃ፣ ጥቂት ሰከንድ፣ ያንኑ ቅጠል ደጋግሞ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ልዩነቱ የእኛ በረካ ቀጥና ነው የምትመጣው፤ የተጠቀለለ ኡሎንግ ግን ቀስ እያለ ስለሚፈታ ሦስተኛው ከመጀመሪያው ሊበልጥ ይችላል። አሊሻን ላይ ያለኝን አስተያየት በከፊል ያስቀየረኝ ያ ሦስተኛው ስኒ ነው። ባኦጆንግን ግን አላዳነውም።

መግዛት ለምትፈልጉ አንድ ነገር ልበል፦ ስም ብቻውን አይበቃም። ቲየ ጉዋንዪን ብላችሁ ብታዙ አንዱ ሻጭ አረንጓዴና አበባ አበባ የሚል፣ ሌላው ጠቆር ያለና የተጠበሰ ይልክላችኋል፤ ሁለቱም አልዋሹም። ዳ ሆንግ ፓኦም የታወቁት ስድስት እናት ዛፎች ዉዪ ገደል ላይ ጥበቃ ላይ ናቸው፤ ቅጠላቸው አይሸጥም። በገበያ ያለው ከቅርንጫፋቸው የተባዛ ወይም የተደባለቀ ነው፤ መጥፎ ነው ማለት ግን አይደለም። ስለዚህ «ምን ያህል ቀልቷል? ምን ያህል ተጠብሷል?» ብሎ መጠየቅ ስሙን ከመሸምደድ ይሻላል።

አሁን የቀረኝ ጥያቄ የሚጥመኝ የሻዩ መቅላት ነው ወይስ እሳቱ የሚለው ነው። ይህን ለመለየት ከአንድ ገበሬ፣ የአንድ ወቅት ዶንግ ዲንግ በሦስት ዓይነት ጥብሰት፣ ለስለስ ያለ፣ መካከለኛና ጠንካራ፣ አሥር አሥር ግራም አዝዣለሁ። ጋሼም ደውለው ቀኑን ጠይቀዋል፤ «ወረቀቱን እንዳትረሳ» ብለዋል።