የውሃ እናት ጡት ታሳድጋለች?

ወንዝ ዳር ያደጉ ብዙ ሴቶች በልጅነታቸው የሰሙት ምክር አለ፤ ጡትሽ ቶሎ እንዲያጎጠጉጥ ከፈለግሽ የውሃ እናት ይዘሽ አስነክሺው የሚል። ያቺ ጸጥ ባለ ውሃ ላይ ከመሰሎቿ ጋር ስትሽከረከር የምትውለው ጥቁር፣ አብረቅራቂ ጥንዚዛ ማለት ነው። ነገሩ የአንድ መንደር ወሬ አይደለም። ሩት ኩታሌክና አፈወርቅ ካሳ በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ልማዱ በምሥራቅ አፍሪካ መኖሩን መዝግበዋል።

እውነታው ሌላ ነው። ጡት የሚያድገው ከአንጎል ሥር ካለችው ዕጢ በሚመጣ ትእዛዝ የእንቁላል ዕጢዎች ኢስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን ሲያመነጩ ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 13 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል። ከንክሻው የሚተርፈው ሕመምና መቅላት፣ ቢበዛ ቶሎ የሚጠፋ እብጠት ነው። ታዲያ እምነቱ ለምን ጸና? ጥንዚዛ ፍለጋ ወንዝ የሚወርዱት ልጆች ዕድሜያቸው ራሱ ጡት የሚያወጣበት ስለሆነ ነዋ! ቢያስነከሱም ባያስነከሱም ማደጉ አይቀርም፤ ምስጋናውን ግን ጥንዚዛዋ ትወስደዋለች።

ጥቂት ያነበበ ሰው «የውሃ ጥንዚዛ ሆርሞን አለው ሲባል ሰምቻለሁ» ብሎ ሊሟገት ይችላል። ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። ጠልቀው የሚዋኙ ሌሎች የውሃ ጥንዚዛዎች ከአንገታቸው አካባቢ ካለ ዕጢ ስቴሮይድ ያመነጫሉ፤ ጥቅሙም ሊውጣቸው የመጣን ዓሣ ማደንዘዝ ወይም ማባረር ነው። የውሃ እናት መከላከያ ግን የተለየ ኬሚካል ነው፤ የሚወጣውም ከአፏ ሳይሆን ከጅራቷ በኩል ነው። ስለዚህ ክርክሩ በንክሻው ላይ አይሠራም።

ሁለተኛው ስህተት የውሃ እናትን በውሃ ላይ ከሚራመዱት እግረ ረጃጅም ነፍሳት ጋር መቀላቀል ነው። እሷ አትራመድም፤ እንደ ጀልባ ግማሽ አካሏ ውሃ ውስጥ ሆኖ በመቅዘፊያ እግሮቿ ትዋኛለች። ዓይኖቿም ለሁለት የተከፈሉ ናቸው፤ የላይኛው ክፍል አየሩን፣ የታችኛው ውሃውን ያያል። ስትጠልቅ የአየር አረፋ ይዛ ትወርዳለች። (ለእኔ ጡት ከማሳደግ ይልቅ ይሄ ይበልጥ ያስደንቃል።)

እውነተኞቹን ተራማጆች ደግሞ ብዙ ሰው ሸረሪት ይላቸዋል። ስድስት እግር ያላቸው ነፍሳት እንጂ ሸረሪት አይደሉም። አጫጭሮቹ የፊት እግሮች አዳኝ ናቸው፣ የመካከለኞቹ ይቀዝፋሉ፣ የኋላዎቹ አቅጣጫ ይይዛሉ። የማይሰምጡት ቀላል ስለሆኑ ብቻ አይደለም፤ የውሃ ገጽ የራሱ ውጥረት አለው፣ እግራቸውም ውሃ በማያስጠጉ እጅግ ደቃቅ ጸጉሮች ተሸፍኗል። ሁለት ቻይናውያን ተመራማሪዎች በ2004 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት አንዱ እግር ብቻውን ገጹን ሳይበሳ የነፍሳቱን ክብደት 15 እጥፍ ያህል ሊሸከም ይችላል። ሳሙና ግን ይህን ውጥረት ያላላዋል፤ ልብስ በሚታጠብበት ዳርቻ አረፋው ሲበዛ ሊሰምጡ ይችላሉ።

እነዚህ ነፍሳት የሚታዩበት ውሃ ንጹሕ ነው የሚለው ግምት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። ሁለቱም ካደጉ በኋላ የሚተነፍሱት የእኛኑ አየር ነው፤ ውሃው በጃርዲያ ወይም በአሜባ ቢበከል አይገዳቸውም። የውሃ እናት ክንፍም አላት፤ ዛሬ እዚህ ያያችኋት ከሌላ ኩሬ በርራ መጥታ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ልጆቻችሁ ጥንዚዛዋን እያዩ ይደሰቱ፤ ውሃውን ግን ሳታፈሉ አትጠጡት።