ወታደሩ ወደ ሣጥኑ የሚመለስበት ጦርነት

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ «ዋርሃመር 40,000» የሚባል ጨዋታ አለ። ታሪኩ ከዛሬ 38 ሺህ ዓመት በኋላ በሕዋ የሚካሄድ ጦርነት ነው። ጓደኛሞች ትንንሽ ወታደሮችን ገጣጥመው፣ በቀጭን ብሩሽ ቀለም ቀብተው፣ ጠረጴዛ ላይ አሰልፈው ያዋጋሉ። ርቀቱን በኢንች ይለካሉ፤ የሚመታውን የሚወስነው ዳይስ ነው።

ለዚህ ዓይነት ጨዋታ ቀደም ብሎ ሕግ ካወጡት አንዱ የሳይንስ ልቦለድ ደራሲው ኤች. ጂ. ዌልስ ነው። መጽሐፉን በ1913 ሲያሳትም፣ ከእውነተኛው ጦርነት ይልቅ የመጫወቻው ይሻላል ባይ ነበር። ሰሚ አላገኘም፤ በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሳ።

የኛም አባቶች ሰንጠረዥ ነበራቸው። መጀመሪያ ላይ ተራ መጠበቅ የለም፤ አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። ይህንን «ወረራ» ይሉታል።

ካርቱም ላይ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የተከፈተው ውጊያ ግን ሕግም ዳኛም አልነበረው፤ የወደቀውም አልተነሳም። ስለዚህ ልጆች ከጭቃ ወታደር ሠርተው ሲያዋጉ ስናይ «ተዉ!» ማለት ይቀናናል። እኛ ግን ባንከለክላቸው እንላለን። ተጣልተው ሳይሆን ተስማምተው የሚዋጉት፣ ሲያልቅም ሻይ አብረው የሚጠጡት እዚህ ጨዋታ ላይ ብቻ ነው።