የፈረስ ድድ ለምን ይታመማል?

ባለፈው ሰሞን በራችን ላይ የቆመ አንድ የጋሪ ፈረስ ድርቆሽ ሲበላ አየን። በላ ከማለት አላመጠ ማለቱ ይሻላል፤ ያኘከውን ድብልብል አድርጎ መልሶ መሬት ላይ ይጥለው ነበርና። «አባባ፣ ምን ሆኖ ነው?» ብለን ባለጋሪውን ጠየቅናቸው። «ጠግቦ ነዋ ልጆቼ! ጥጋብ ነው» አሉን። የጎድን አጥንቱ ግን አንድ ባንድ ይቆጠር ነበር።

ነገሩ ስላልተዋጠልን አንድ የእንስሳት ጤና ረዳት ለመንንና መጡ። አፉን በብረት መክፈቻ ከፍተው በባትሪ ሲያዩት ሽታው ሁላችንንም ወደ ኋላ መለሰን። በሁለት መንጋጋ ጥርሶች መካከል ድርቆሽ ተወትፏል፤ ድዱ ቀልቷል፣ ሲነካም ይደማል።

እንደሚታወቀው የእኛ ጥርስ አንዴ ከበቀለ አያድግም። የፈረስ ግን አብዛኛው ክፍሉ መንጋጋ ውስጥ ተደብቆ ይቆይና ከላይ በማኘክ ሲያልቅ በዓመት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ከሥር እየወጣ ይተካል። 24ቱ መንጋጋ ጥርሶች፣ በየረድፉ ስድስት ስድስት ሆነው፣ እንደ አንድ ወፍጮ ድንጋይ ተጠጋግተው ይቆማሉ። ሆኖም ጥርሱ ወደ ሥሩ እየቀጠነ ስለሚሄድ ፈረሱ ሲያረጅ በመካከል ክፍተት ይፈጠራል። አንዳንዱ ደግሞ በወጣትነቱም ክፍተት አያጣም።

ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በሰው ላይ የድድ ሕመም በአብዛኛው የሚነሳው ጥርስ ላይ ከሚለጠፍ ቆሻሻ ሲሆን፣ በፈረስ ላይ ግን ዋናው መነሻ በክፍተቱ የሚወተፍ መኖ ነው። መኖው እዚያው ይበሰብሳል፤ አየር በሌለበት የሚራቡ ባክቴሪያዎችም ይበዙበታል። ፕሬቮቴላ የሚባለው ወገን በታመመ ድድ ውስጥ በብዛት ይገኛል። ድዱ ያብጣል፣ ከጥርሱ ይላቀቃል፣ ኪስ ይሠራል፤ ኪሱ ደግሞ ሌላ መኖ ይይዛል። እስከዚህ ድረስ ከተደረሰበት ሊድን ይችላል። ጥርሱን ከአጥንት ጋር ያሰረው ጅማት ከተበላ ግን ተመልሶ አይበቅልም፣ ጥርሱም ይነቃነቃል።

ፈረስ አመመኝ አይል። ምልክቱ የሚጥለው ድብልብል፣ የአፉ ሽታ፣ ክሳቱና በፋንድያው ውስጥ የሚታየው ያልተፈጨ ረጅም ገለባ ነው። (እጃችሁን አፉ ውስጥ ከትታችሁ እንዳትፈትሹ! የመንጋጋው ጉልበት ጣት ይቆርጣል።)

ረዳቱ የተወተፈውን አውጥተው በንጹሕ ውሃ አጠቡለት፤ የሾለውንም ጥርስ በሞረድ አስተካከሉ። ድርቆሽ ክፍተቱን መልሶ ስለሚሞላው ለጊዜው እርጥብ ሣር ይሰጠው አሉ። አባባ አንገታቸውን ደፍተው ቆዩና «እኔኮ ሰነፈ ብዬ ስገርፈው ከረምኩ» አሉ። አሁን ጠዋት ጠዋት ሣር አጭደው ያመጡለታል። አንዱ ጥርሱ ግን ይነቃነቃል፤ ረዳቱም ሊነቀል ይችላል ብለዋቸዋል።