የኪራይ ቁጣ፦ በኬንያ ዳኞች ላይ የጮኸው ማን ነበር?

በሜይ 2021 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አምስት ዳኞች፣ የፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ዕቅድ፣ «ቢ.ቢ.አይ» የሚባለውን፣ ውድቅ አደረጉት። ትዊተር ላይም በዳኞቹ ላይ የስድብ ናዳ ወረደ። ያየ ሁሉ «ሕዝቡ ተቆጥቷል» ቢል አይፈረድበትም።

ከጩኸቱ ቀላል የማይባለው ግን የተከፈለበት ነበር። የሞዚላ ፋውንዴሽን አጥኚዎች ኦዳንጋ ማዱንግና ብራያን ኦቢሎ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር አሠራሩን ገልጠውታል። አስተባባሪው ሃሽታጉን፣ የሚለጠፈውን ጽሑፍና ሰዓቱን በዋትሳፕ ቡድን ይልካል፤ አባላቱ ተናበው ይለቁታል፤ ሒሳቡ በኤምፔሳ፣ በሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ፣ ስልካቸው ላይ ይገባል። በቀን ሦስት ዘመቻ ለሠራ ከ10 እስከ 15 ዶላር ገደማ። አጥኚዎቹ በዳኞችና በመብት ተሟጋቾች ላይ ጭምር ያነጣጠሩ 11 ዘመቻዎች፣ 3,700 አካውንቶችና ከ23,000 በላይ ትዊቶች ለይተዋል።

«ይህን የሚሠራው ሮቦት ነው» የሚባለውም እዚህ አይሠራም። አጥኚዎቹ ያነጋገሯቸው ተከፋዮች ሥጋ ለባሽ ሰዎች ናቸው። ትዊተር ከመቶ በላይ አካውንቶችን አገደ። ከፋዩ ግን ከመጋረጃው ጀርባ ቀረ፤ ስለዚህ «የቤተ መንግሥቱ እጅ ነው» ብሎ መደምደምም ያለ ማስረጃ መፍረድ ነው።

ቁጣው ሁሉ የተገዛ ነው ማለት ደግሞ ሌላ ተረት ነው። በ2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የኡሁሩን ምርጫ ሲሽር፣ ፕሬዚዳንቱ ዳኞቹን «ዋኮራ»፣ ማለትም ወሮበሎች፣ ያሏቸው በአደባባይ ነው። በ2021 ደግሞ ሃሽታግ አላስፈለጋቸውም፤ ፊርማቸው በቂ ነበር። ከ2019 ጀምሮ ሹመት ሲጠብቁ ከነበሩት ዳኞች ውስጥ 34ቱን በጁን ሾመው ስድስቱን ተዉ። ከስድስቱ ሁለቱ፣ ጆኤል ንጉጊና ጆርጅ ኦዱንጋ፣ ቢ.ቢ.አይን ውድቅ ካደረጉት አምስት ዳኞች መካከል ነበሩ።

«ፍርድ ቤቱ የተቃዋሚው መሣሪያ ነው» የሚለው ክስ ከሁሉም ደካማው ሳይሆን አይቀርም። የተቃዋሚው መሪ ራይላ ኦዲንጋ ራሳቸው የቢ.ቢ.አይ አጋር ነበሩ! የምርጫ አቤቱታቸውን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2013 ጣለው፣ በ2017 ተቀበለው፣ በ2022 ደግሞ በሙሉ ድምፅ ጣለው። ቢ.ቢ.አይንም ቢሆን በማርች 2022 ቀበረው፤ በሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንት ለሥራው በፍትሐ ብሔር አይከሰስም በሚለው ነጥብ ግን ለኡሁሩ ፈረደ።