የጎጃም ገበሬ እምቢታ

ሹም አቦና ባሕር ዳር ያኔ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበሩ። በ1960 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር አወጀ። ግብሩ በምርቱ ልክ ነው ተባለ። ገበሬው ግን ይኼ ነገር ቀላድ ነው ብሎ ጠረጠረ። ቀላድ መሬት የሚለካበት ገመድ ነው። በደቡብ መሬት በቀላድ ሲለካ ብዙ ሰው መሬቱን አጥቶ ጭሰኛ ሆኗል።

ሞጣና ዳሞት ምርት ገማች አናስገባም ብለው ተነሡ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ፤ ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ። ገበሬው አልተበገረም። በመጨረሻ አገረ ገዢው ከጎጃም ተዛወሩ፤ ውዝፉም ግብር ተማረ።

ልብ በሉ፤ ገበሬው ርስቴን አትንኩብኝ አለ እንጂ ንጉሡ ይውረዱ አላለም። ቢሆንም መንግሥት በገበሬ እምቢታ እንደሚመለስ ታየ። ንጉሡ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወረዱ። የካቲት 25 የገጠር መሬት የሕዝብ ነው ተብሎ ሲታወጅ ግን፣ ያ የተሞተለት ርስትም አብሮ ቀረ።