ከራኬቱ በፊት የመድኃኒት ቦርሳችሁን ፈትሹ
ባሕር ዳርቻ ላይ ለፓደል ሥልጠና ለሚጓዙ ቤተሰቦች



ውድ የዓምዳችን ተከታታዮች፣ በዚህ ወር የምናነሳው ርዕስ ለአንዳንዶቻችሁ አዲስ ሊሆን ይችላል። በዱባይ፣ በዶሃና በስፔን የሚኖሩ ወንድሞችና እህቶች ግን በደንብ ያውቁታል። እሱም ለአንድ ሳምንት ያህል ባሕር ዳርቻ ሰንብቶ ጠዋትና ማታ ፓደል የተባለውን ስፖርት መሠልጠን ነው። ከአገር ቤት ለጥየቃ የሄደ ዘመድም አብሮ ይጋበዛል። ከአባት እስከ ልጅ አንድ ሜዳ ላይ የሚያገናኝ እረፍት መሆኑ መልካም ነው። ነገር ግን የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው አብሮ የሚጓዝ ከሆነ አስቀድሞ መታሰብ ያለባቸው ጉዳዮች አሉ።

ፓደል ምንድን ነው?

ፓደል የሜዳ ቴኒስ ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በሜክሲኮ የባሕር ዳርቻ ከተማ በአካፑልኮ ኤንሪኬ ኮርኩዌራ የተባለ ሰው ጀመረው፤ በ1974 ደግሞ ወደ ስፔኗ ማርቤያ ተሻገረ። የዓለም ሻምፒዮናው በ2021 በዶሃ፣ በ2022 በዱባይ ተካሂዷል። ሜዳው 20 ሜትር በ10 ሜትር ሲሆን ዙሪያው በመስታወትና በሽቦ ግድግዳ የታጠረ ነው። ሁለት ለሁለት ሆነው ይጫወቱታል። ራኬቱ ክር የለውም፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጠንካራ ሰሌዳ ነው። ኳሷ ከመስታወቱ ነጥራ ስትመለስም ስለምትመታ ተጫዋቹ በየደቂቃው ይዞራል፣ ጎንበስ ይላል፣ ድንገት ይቆማል። በዚህ ምክንያት ክርን፣ ትከሻ፣ ወገብ፣ ጉልበትና ባት ይጎዳሉ።

ስፖርት በራሱ የሚነቀፍ ነገር አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋር በሩጫ መሽቀዳደማቸው በአቡ ዳውድ የሐዲስ ስብስብ ተዘግቧል። ሰውነታችን በእኛ ላይ ሐቅ እንዳለውም ተምረናል። ይህን ሐቅ መጠበቅ ደግሞ ሰውነትን ከአቅሙ በላይ አለማስገደድንም ይጨምራል።

አንድ ሳምንት ለሰውነት አይበቃም

ሰውነታችን ከአዲስ ሙቀት ጋር ለመላመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ በደም ሥር ያለው ፈሳሽ ይጨምራል፣ ላብ ቀደም ብሎ መውጣት ይጀምራል፣ ከላቡ ጋር የሚወጣው ጨውም ይቀንሳል። የሥልጠናው እረፍት ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ሳምንት ነው። ሰውነቱ ገና መላመድ ሲጀምር ሻንጣ ይታሰራል ማለት ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ለሚወርድ ሰው ለውጡ ይበልጥ ይከብዳል።

ሌላው ነገር እርጥበት ነው። ላብ የሚያቀዘቅዘን ከቆዳችን ላይ ሲተን ነው። በባሕር አቅራቢያ ያለው አየር እርጥበት የበዛበት በመሆኑ ላቡ ሳይተን ይንጠባጠባል፤ ውኃውና ጨው ከሰውነት ይወጣሉ፣ ሙቀቱ ግን አይቀንስም።

ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከተመደበው ሥልጠና ግማሹን ብቻ ሥሩ። ከፈጅር ሶላት በኋላ ጀምሩና ፀሐይዋ ሳትበረታ ጨርሱ፤ የማታውን ከመግሪብ ወይም ከዒሻእ በኋላ አድርጉት። የሶላት ወቅቶች ለእረፍትና ለውኃ መጠጫ ያግዟችኋል። ጥም እስኪሰማችሁ አትጠብቁ፤ በአንድ ጊዜም ብዙ ሊትር ውኃ አትጠጡ። ሽንታችሁ ሻይ ከመሰለ ፈሳሽ አንሷችኋል። ብዙ ያላበው ጤነኛ ሰው በአንድ ሊትር ውኃ የተበጠበጠ ኦ.አር.ኤስ፣ ማለትም ለምለም፣ ሊጠጣ ይችላል። የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ግን ጨውና ስኳር ያለበትን መጠጥ ያለ ሐኪም ምክር እንደ ውኃ አይጠጣው።

ዋናው ማስጠንቀቂያ፦ የሕመም ማስታገሻ

በሁለተኛው ቀን ማለዳ ክርንና ባት መታመማቸው አይቀርም። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ውጦ ወደ ሜዳው ይመለሳል። አንዳንዱም ገና ከአገር ቤት ሲነሳ "ለማንኛውም" ብሎ ገዝቶ ይይዛል።

የሰውነት ፈሳሽ ሲያንስ ኩላሊት ደም እንዳያጣ ደም የሚያስገባለትን ትንሽ የደም ሥር ከፍቶ ይይዛል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ይህን የመክፈት ሥራ ያግዱበታል። እንደ ኢናላፕሪል ያሉ የደም ግፊት መድኃኒቶች ደግሞ ደም የሚወጣበትን የደም ሥር ስለሚያላሉ በኩላሊቱ ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል። እንደ ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ላሲክስ ያሉ የሚያሸኑ መድኃኒቶች ፈሳሹን የበለጠ ይቀንሳሉ። ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙና ላብና ሙቀት ሲጨመርባቸው ኩላሊት በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥራውን ሊያቆም ይችላል። መርፌውም ከክኒኑ አይሻልም፤ አደጋው ያው ነው።

ስለዚህ ከእነዚህ የግፊት መድኃኒቶች አንዱን የሚወስድ ሰው ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከቦርሳው ያውጣ። በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይያዝበት፣ ያረፈውን ክፍል ያሳርፍ። ጉበቱ ጤነኛ የሆነ አዋቂ ሰው ፓራሲታሞል መውሰድ ይችላል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ግን ከ8 ባለ 500 ሚሊ ግራም ክኒን አይለፍ። የደም ግፊት መድኃኒቱን በገዛ ፈቃዱ አያቋርጥ። ከጉዞው በፊት ሐኪሙን "ሙቀት አገር ስፖርት ልሠራ ነው፣ ቢያስመልሰኝ ወይም ቢያስቀምጠኝ መድኃኒቱን ምን ላድርግ?" ብሎ ይጠይቀው። ሕመም ሰውነት "በቃኝ" የሚልበት ቋንቋ ነውና በክኒን አፉን አትዝጉት።

የስኳር ሕመም ላለባቸው

ስፖርት የደም ስኳርን ይቀንሳል፤ ቅነሳው ከጨዋታው በኋላ ሌሊቱንም ሊቀጥል ይችላል። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ ሰዎች ከጨዋታ በፊት፣ በኋላና ከመኝታ በፊት ይለኩ። መጠኑን ለመቀነስ ከሐኪም ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ። ኢንሱሊኑን በሚጫወቱበት ክንድ ወይም ጭን ላይ ሳይሆን ሆድ ላይ ይወጉት። መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብ ወይም መደናገር ከመጣ፣ ወይም ልኬቱ ከ70 በታች ከሆነ፣ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመው ይለኩ። ሜዳው ላይ ሁሉም ሰው ስለሚያልበው ይህን ምልክት ሙቀት ነው ብሎ ማለፍ ይመጣል፤ አብሮ የሚጫወተው ሰው ይወቅላቸው።

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይቀመጣል፤ በረዶ ከሠራ ግን ተበላሽቷል። በአውሮፕላን በእጅ ቦርሳ ይያዝ። በቆመ መኪና ውስጥ ወይም ፀሐይ ባረፈበት ቦርሳ ፈጽሞ አይተው።

ሻንጣ ሲዘጋጅ

መድኃኒቶቻችሁን ከነካርቶናቸውና ከሐኪም ማዘዣው ጋር ያዙ። ትራማዶልና ኮዴይን ያለባቸው መድኃኒቶች በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ናቸው፤ ያለ ቅድመ ፈቃድ ይዞ መግባት ለእስር ሊዳርግ ይችላል። "ለወገቤ ነው" ማለት አያድንም። ዘመድ አድርስልኝ ያለውንም ክኒን ምንነቱን ሳታውቁ አትቀበሉ። ዶክሲሳይክሊን የሚወስድ ሰው ቆዳው በፀሐይ ቶሎ ይቃጠላልና ይሸፈን። ስፔን ውስጥ የኃይል ሰጪ ካፕሱል ስትገዙ ሽፋኑ የተሠራበት ጄላቲን ከአሳማ ሊሆን ስለሚችል ጠይቁ።

እህቶች፣ ግድግዳው መስታወት መሆኑን አትርሱ። ሜዳ ከመያዛችሁ በፊት የሴቶች ሰዓት፣ ሴት አሠልጣኝና ከውጭ የማይታይ ሜዳ መኖሩን አረጋግጡ። ሰፋ ያለ፣ ፈዛዛ ቀለም ያለው፣ አየር የሚያስገባ ልብስና ቀለል ያለ ሒጃብ ይበቃል። ሙቀት ከበረታ መፍትሔው ሒጃቡን ማውለቅ ሳይሆን ሰዓቱን መቀየር ነው።

ወዲያው እርዳታ የሚያስፈልጋቸው ምልክቶች

በጨዋታ መሐል የተደናገረ፣ ንግግሩ የተምታታ ወይም ራሱን የሳተ ሰው የሙቀት ምት ደርሶበት ሊሆን ይችላል። የደረት ሕመም ወይም ለብዙ ሰዓት ሽንት አለመምጣትም ቀላል ነገር አይደለም። ሙቀት የመታውን ወደ ጥላ አውጡት፣ በቀዝቃዛ ውኃ እያራሳችሁ አናፍሱት፣ ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አትስጡት። አምቡላንስ በኤምሬትስ 998፣ በቀጠር 999፣ በስፔን 112 ደውላችሁ ጥሩ።

ወገኖቼ፣ የእረፍቱ ዓላማ ጤና ይዞ መመለስ ነው። ግመሉን አስሮ በአላህ መመካት እንደሚገባ ተምረናልና እናንተም ሰበቡን አድርሱ፤ ቀሪውን ለእርሱ ተዉት። ከመነሳታችሁ በፊት የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለ የመድኃኒት ባለሙያ ጎራ በሉ። ምክሩን ለማግኘት ገንዘብ አትከፍሉም።

አላህ በሰላም ሄዶ በሰላም የሚመለስ ያድርጋችሁ። አሚን! ወሰላሙ ዓለይኩም።