ብልጭታው የደከመ ሞተር ሳይክል

ቀይ እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ማጠቢያ ጣቢያ መድረስ አለበት። ካደረ ይበላሻል፤ ዋጋውም ይወርዳል። ታዲያ ከዲላ ወይም ከይርጋጨፌ በላይ ባለው ዳገት፣ ቡና የጫነ አሮጌ ሞተር ሳይክል በዝናብ ቢቆምስ? ቤንዚን አለ። መርገጫው ይረገጣል። ሞተሩ ግን አይነሣም። እንዲህ ሲሆን ብልጭታውን መርምሩ።

ካንዴላውን ፍቱ። ከኮፍያው ጋር እንደተያያዘ ብረቱን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነኩ። መካኒኮች ይህን «ማሳ» ይሉታል፤ የሚታረሰው ማሳ አይደለም! ካንዴላው ከተፈታበት ቀዳዳ ይራቅ፤ ከዚያ የሚወጣው የቤንዚን ትነት እሳት ይይዛል። በእጃችሁም አትያዙት፤ ኤሌክትሪኩ ይመታል። ጥላ ውስጥ ሆናችሁ ርገጡ። ብልጭታው ሰማያዊና ወፍራም ከሆነ ደህና ነው። ቀይና ቀጭን ከሆነ ደክሟል።

መጀመሪያ ሌላ ካንዴላ ሞክሩ። ቀጥሎ ገመዱንና ኮፍያውን እዩ። ከተሰነጠቁ ወይም ውሃ ከገባባቸው ኤሌክትሪኩ በዚያ ያመልጣል። አድርቋቸው።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከፑንቲናው ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣው ሆንዳ ሲጂ 125 ፑንቲና ነበረው፤ አዲሶቹ ሞተር ሳይክሎች ግን የላቸውም። ፑንቲና የሚገጥሙና የሚላቀቁ ሁለት ትንንሽ ብረቶች ናቸው። ሲገጥሙ ኤሌክትሪክ ያልፋል። ሲላቀቁ በድንገት ይቋረጣል፤ ያን ጊዜ ቦቢናው ኃይለኛ ብልጭታ ይሰጣል። በቧንቧ የሚሮጥ ውሃ በድንገት ሲዘጋበት ቧንቧውን እንደሚመታው ማለት ነው። ብረቶቹ ከቆሸሹ ኤሌክትሪኩ በደንብ አያልፍም፤ ስለዚህ ብልጭታው ይደክማል።

በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ቀስ አድርጋችሁ ጥረጉ። ከዚያ ንጹሕ ወረቀት በመካከላቸው ሳቡ፤ ዘይትና ብናኝ አይቅር። ጨርሰው ሲላቀቁ ክፍተቱ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ይሁን። መለኪያ የለንም ትሉ ይሆናል። ምላጭ አለ አይደል? የአንድ የጢም ምላጭ ውፍረት 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አራቱን ደርባችሁ ለኩ። ምላጩ ስለታም ነውና እጃችሁን ጠብቁ፤ ልጆችም አይንኩት።

ፑንቲናው ጸድቶ ወዲያው እንደገና ከተቃጠለ፣ ወይም ሲላቀቅ ራሱ ብዙ ብልጭታ ከረጨ፣ ኮንዴንሰሩ ሞቷል። እሱ ይለወጣል እንጂ አይጠገንም። ቦቢናን ግን ለመካኒክ ተዉለት፤ መለኪያ መሣሪያ ይፈልጋል።